ከቅዳሜ ገበያ እስከ ቤት ደጃፍ፦ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ በጎንደርና በሃይፋ



በብዙዎቻችን ቤት የማያገለግል፣ ግን ያልተበላሸ ዕቃ ሞልቷል። ልጆቹ ያደጉበት አልጋ፣ አዲስ ሲገዛ ወደ በረንዳ የወጣው ጠረጴዛ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የተለበሰ ካፖርት፣ ለሠርግ በስጦታ መጥቶ ከካርቶኑ ያልወጣ የቡና ስኒ በየጥጉ ይገኛል። ይህን ዕቃ አንዳንዱ ሰው ማታ አውጥቶ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ያስቀምጠዋል። ሌላው ደግሞ በድምፅ ማጉያ «አልቴ ዛኸን» እያለ በየሠፈሩ ለሚዞረው ሰው በጥቂት ሼቄል፣ አንዳንዴም በነጻ ያስረክበዋል። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እርሱም ዕቃን በገዛ ቤት ደጃፍ ዘርግቶ ራስ በቆረጡት ዋጋ መሸጥ ነው። በዕብራይስጥ «መኺራት ሐጼር»፣ በአሜሪካኖች አጠራር ደግሞ «ጋራዥ ሴል» ይባላል።

ነገሩ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ ይመስላል። ታሪኩን መለስ ብለን ስንመለከተው ግን ከቤት ሆኖ መሸጥ ለቤተ እስራኤል የቆየ መተዳደሪያ እንደ ነበረ እናገኛለን። የምንኖርባት ሃይፋም ብትሆን ሰው ሲመጣና ሲሄድ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈባት ከተማ ናት። ከሁለቱም ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ በአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የሚጠቀመው ጊዜ ያለው ሰው ነው፣ የሚጎዳው ደግሞ ተቻኩሎ ወይም ተገድዶ የሚሸጠው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ቅዳሜ ገበያና ሰንበት

ጎንደርን የሚያውቅ ሁሉ ቅዳሜ ገበያን ያውቃል። ስሙ እንደሚያመለክተው የከተማዋ ታላቅ ገበያ የሚውለው ቅዳሜ ነው። በዚያን ዕለት ከየገጠሩ እህሉ፣ ቅቤው፣ በርበሬውና ከብቱ ይጎርፋል፤ ገዢም ሻጭም የሚበዛው ያን ቀን ነው። ለቤተ እስራኤል ግን ቅዳሜ ሰንበት ነው። በሰንበት እሳት አይነድም፣ ሩቅ መንገድ አይኬድም፣ አይሸጥም፣ አይገዛም። ስለዚህ ሰንበትን የሚያከብር ቤተ ሰብ በዋናው የገበያ ቀን ዕቃውን ይዞ ሊቆም አይችልም ነበር።

ታዲያ እንዴት ይኖር ነበር? በሌላ ቀን የሚውሉ የገጠር ገበያዎች ነበሩ። ከዚያ ሌላ ግን ገዢው ራሱ ወደ ሻጩ ቤት ይመጣ ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችን የመሬት ርስት ስለ ተነፈጉ ኑሯቸውን በእጅ ሥራ ላይ መሥርተዋል። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ግንበኞች፣ ሴቶቹም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ገበሬ ማረሻው ሲዶለድም ወይም ማጭዱ ሲሰበር የገበያ ቀን እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ዝናቡ ያመልጠዋልና። ወዲያው ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይሄዳል። ዋጋውንም ብዙ ጊዜ በእህል ይከፍል ነበር።

ይህ የደጃፍ ንግድ መልካም ጉርብትና ብቻ የነበረበት አልነበረም። ማረሻውን የሚያሠራው ያው ሰው ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው» ብሎ ይፈራው ነበር። ዕቃውን ይፈልጋል፣ ሠሪውን ግን ይሸሻል። እንዲህም ሆኖ በገዛ ደጁ የተቀመጠ ሻጭ ገበያ ከወጣው የሚበልጥበት ነገር ነበረው። ሸክሙን ይዞ መንገድ አይመታም፤ ያልተሸጠለትን ተሸክሞ አይመለስም፤ «ሊመሽብኝ ነው» ብሎ ዋጋ አይጥልም። ገዢው ከመጣ የመጣው ፈልጎ ነው። ፈልጎ የመጣ ገዢ ደግሞ ከመንገደኛ ገዢ ይሻላል።

ከጎንደር በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጎንደርን የሚጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ሲበዙ፣ የወለቃ ሴቶች ከጀበናና ከእንስራ አልፈው ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን መሥራት አዘወተሩ። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባን፣ የይሁዳን አንበሳ፣ ኦሪት የያዘ ቄስን፣ እንስራ የተሸከመች ሴትን በጭቃ ቀርጸው፣ በእሳት ተኩሰው፣ በየቤታቸው ደጃፍ ይደረድሩ ነበር። ቱሪስቱ ከመኪናው ወርዶ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ እየተዘዋወረ ይመርጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። እንስራ የውሃ መቅጃ ነው፤ ገዢዋም ጎረቤት ስለሆነች ዋጋውን አስቀድማ ታውቀዋለች። ትንሿ ምስል ግን ታሪክ ይዛ ነው የምትሸጠው። ማን እንደ ሠራትና ምን እንደምታሳይ ሲነገርላት ዋጋዋ ከፍ ይላል። ሠሪዋ አጠገቧ ተቀምጣለችና ታሪኳን የሚነግርላት አለ። ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ እንኳ ንግዱ አልቆመም፤ የቀሩት ጎረቤቶች ያንኑ ዓይነት ምስል እየሠሩ ለጎብኚ መሸጥ ቀጥለዋል። የቀድሞዎቹ ምስሎች ደግሞ ዛሬ በሙዚየሞች ውስጥ ይገኛሉ።

ሳይሸጥ የቀረው ቤት

ከወለቃም ሆነ ከሌሎቹ መንደሮች ስንወጣ ግን የሽያጭ ጊዜ አልነበረንም። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ የገቡት ወገኖቻችን ጉዟቸውን የጀመሩት በምሥጢር ነው። ወደ ሱዳን በእግር ለመሄድ የተነሣ ቤተ ሰብ ከብቱን፣ እህሉንና የቤት ዕቃውን በአንድ ቀን ገበያ ቢያወጣ ሐሳቡ ይታወቅበታል። ስለዚህ አንዳንዱ በሰበብ ጥቂት ጥቂት እያለ ሸጠ፤ ሌላው ቤቱን እንዳለ ትቶ ሄደ። በሰሎሞን ዘመቻ፣ ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ 36 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደዋል። ብዙ ሰው ለመጫን ሲባል የአውሮፕላኖቹ መቀመጫዎች ተነቅለው ነበር። መቀመጫ በሌለበት ለቤት ዕቃ ቦታ እንደማይኖር ግልጽ ነው።

በመሆኑም እስራኤል የደረስነው የሚሸጥ አሮጌ ዕቃ ይዘን አይደለም፤ አሮጌ ዕቃ ለመግዛት ነው። ከእኛ በፊት ወደ ሃይፋ የመጡት ሌሎች ስደተኞች ግን በተቃራኒው ለመሸጥ የተገደዱ ነበሩ። የእነርሱን ታሪክ ማወቅ የከተማዋን ገበያ ለመረዳት ይጠቅማል።

የሃይፋ ወደብና ትልልቁ ሣጥን

የሃይፋ ዘመናዊ ወደብ የተመረቀው ኦክቶበር 31 ቀን 1933 ነው። በዚያው ዓመት ሂትለር በጀርመን ሥልጣን ይዞ ነበር። በኦገስት 1933 «ሃዓቫራ» የተባለ ስምምነት ተደረገ። በዚህም መሠረት ከጀርመን የሚወጡ አይሁድ ከገንዘባቸው ከፊሉን በጀርመን ሸቀጥ መልክ ወደዚህ አገር ማሻገር ቻሉ። እስከ 1939 ድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጀርመን አይሁድ ገቡ። የአገሩ ሰው «የኬ» የሚላቸው እነርሱ ናቸው። ብዙዎቹም በሃዳር ሃካርሜልና በካርሜል ተራራ ላይ ሠፈሩ።

የኬዎቹ የቤት ዕቃቸውን የሚያመጡት «ሊፍት» በሚባል ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነበር። በውስጡ ፒያኖ፣ ከባድ ቁም ሣጥን፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ምንጣፍ፣ የገበታ ሸክላ ይታሸግ ነበር። እዚህ ሲደርሱ ግን ዕቃው ለቤቱ በዛ። በበርሊን ሰፊ ቤት የተገዛው ቁም ሣጥን በሃዳር ጠባብ ክፍል በር አልገባ አለ። ሥራም በቀላሉ አልተገኘም፤ ሐኪሙና ጠበቃው የጉልበት ሠራተኛ ወይም ዶሮ አርቢ ሆነው የተገኙበት ዘመን ነው። ስለዚህ ዕቃው አንድ በአንድ እየወጣ ተሸጠ። ዛሬም በአገሩ አሮጌ ዕቃ ገበያዎች የጀርመንኛ መጻሕፍትና የቡና ሸክላ የሚታዩት ከዚያ የተነሣ ነው።

ሣጥናቸው ያልደረሰላቸውም ነበሩ። በሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙ ሊፍቶች በሃምቡርግ ወደብ ቆመው ቀሩ። የጀርመን ምሥጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ወረሳቸው፤ ከ1941 ጀምሮም በሃምቡርግ ከተማ በሐራጅ ተሸጡ። የከተማው ሰው የጠረጴዛ ልብሱንና የሕፃን አልጋውን በርካሽ ገዛ። የማን እንደ ነበረ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ዋዲ ሳሊብ

የሃይፋ ታሪክ ሲነገር ይህ «የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ በከተማዋ ውስጥም ይነሣል። በኤፕሪል 1948 በነበረው ውጊያ ከ60 ሺህ በላይ ይገመት ከነበረው የሃይፋ ዓረብ ሕዝብ አብዛኛው ከተማዋን ለቆ ሄዶ የቀረው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። የቤት ዕቃው ግን ባለበት ቀረ። ከዕቃው ከፊሉ ተዘረፈ፤ ከፊሉን የተተወ ንብረት ጠባቂ ሆኖ የተሾመው የመንግሥት ባለ ሥልጣን ሰብስቦ ሸጠው። የታሪክ ተመራማሪው አዳም ራዝ በ2020 ባሳተመው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ይህን በሃይፋም በሌሎች ከተሞችም በሰነድ አስደግፎ ጽፎታል። ቤትን ሳይሸጡ ትቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ እኛ ይህን ምዕራፍ ሳንጠቅስ ልናልፈው አይገባም።

ባዶ በቀሩት የዋዲ ሳሊብ ቤቶች ከሰሜን አፍሪካ፣ በተለይም ከሞሮኮ የመጡ አይሁድ ገቡ። ዘመኑ ከ1949 ጀምሮ «ጽናዕ» የተባለው የቁጠባ ዘመን ነበር። ምግብ በካርድ ይታደላል፤ በ1950 ደግሞ ልብስና ጫማም በካርድ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ አሮጌ ካፖርትና አሮጌ ማሰሮ የሚናቅ ነገር አይደለም። የመኖሪያው ጥበትና አድልዎው ሕዝቡን አስመርሮት ጁላይ 9 ቀን 1959 ዓመፅ ተነሣ፤ መንግሥትም አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተዛወሩ፤ ብዙዎቹ ቤቶችም ፈረሱ ወይም በራቸው በግንብ ተዘጋ።

የሃይፋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ «ሹክ ሃፒሽፔሺም»፣ በዚሁ ሠፈር ግርጌ በኪቡጽ ጋሉዮት መንገድ ይገኛል። የመንገዱ ስም ትርጉሙ «የምርኮኞች መሰብሰብ» ነው። በርግጥም ከየስደቱ የመጣው ሰው ብቻ ሳይሆን ዕቃውም በዚያ ይሰበሰባል። ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ስደተኞች፣ ብዙዎቹም ሃይፋን የመረጡ ስለ ነበሩ፣ ክሪስታል ብርጭቆ፣ ካሜራና ሜዳይ አክለውበታል።

ገበያው የሚደምቅበት ቀን ግን የትኛው ነው? ቅዳሜ ጧት ነው። ሃይፋ በሰንበት እንኳ አውቶቡስ የሚሄድባት ከተማ መሆኗ ይታወቃል። እንግዲህ ሰንበትን ለሚያከብር ኢትዮጵያዊ ጎንደር ላይ የተዘጋው በር ሃይፋም ላይ ተዘግቶ ጠበቀው ማለት ነው። አባቶቻችን በጎንደር ያገኙት መፍትሔ ደግሞ ዛሬም ይሠራል፤ ገዢው ወደ ቤት ይምጣ።

ቆራሌውና «አልቴ ዛኸን»

አዲስ አበባ የኖረ ሰው «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ አይረሳውም። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት ያጠረ ነው። ቆራሌው ጆንያውን ተሸክሞ ቆርቆሮውን፣ ጠርሙሱንና አሮጌ ጫማውን ከየቤቱ ይገዛል። «ልዋጭ» እያለ የሚዞረው ደግሞ አሮጌ ልብስ ወስዶ በምትኩ አዲስ የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ይሰጣል። የተሰበሰበው ወደ መርካቶ ይሄዳል፤ በምናለሽ ተራም አሮጌው ቆርቆሮና ጎማ ተቀጥቅጦና ተቆራርጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ሃይፋ ላይ የምንሰማው «አልቴ ዛኸን» የዚሁ ወንድም ነው። ቃሉ ይዲሽ ሲሆን «አሮጌ ዕቃዎች» ማለት ነው። ከአውሮፓ በመጡ አይሁድ ነጋዴዎች ተጀምሮ ዛሬ በአብዛኛው ዓረብ ነጋዴዎች ይጠሩበታል። የፈረስ ጋሪው በፒክአፕ መኪና ተተክቷል፤ ጥሪው ግን ያው ነው።

እነዚህ ሰዎች ሥራቸው የተከበረ ነው፤ እነርሱ ባይኖሩ ብዙ ዕቃ ቆሻሻ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ሒሳባቸውን ማወቅ ይገባናል። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ ጠረጴዛችንን በ50 ሼቄል ወስዶ በገበያው በ200 ሼቄል ቢሸጠው፣ በመካከል ያለው 150 ሼቄል የመኪናው፣ የጉልበቱና የዕውቀቱ ዋጋ ነው። ዕውቀት ስንል የትኛው ዕቃ ተፈላጊ እንደሆነና ገዢው የት እንዳለ ማወቁን ነው። ሻጩ ይህን ዕውቀት ራሱ ከያዘና ገዢውን ወደ ደጁ ከጠራ 150ውም በቤቱ ይቀራል። የቤት ሽያጭ ትርፍ የሚባለው ከዚህ ሌላ አይደለም።

የነጋዴው ትልቁ ትርፍ የሚገኘው የሞተ ሰው ቤት ሲለቀቅ መሆኑንም መዘንጋት የለብንም። ልጆቹ ኀዘን ላይ ናቸው፤ ቤቱ በወሩ መጨረሻ ይፈለጋል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ዋጋ፣ አንዳንዴም «አንሡልን እንጂ» ተብሎ ይሰጣል። ይህ ልክ እንደ ስደቱ ያለ የችኮላ ሽያጭ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያውም መልሳ መልቀም ከቻለች!

ከአሜሪካ የመጣው ልማድ

ጋራዥ ሴል በአሜሪካ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ሕዝቡ ግቢና ጋራዥ ወዳላቸው የከተማ ዳር ቤቶች ሲዛወር ነው። ከዚያ በፊት አብያተ ክርስቲያናት ለበጎ አድራጎት አሮጌ ዕቃ እየሰበሰቡ ይሸጡ ነበር። የእነዚያ ሽያጮች የእንግሊዝኛ ስም የመጣው ከመርከብ ጭነት ቋንቋ ነው መባሉ ለእኛ የወደብ ከተማ ሰዎች ደስ የሚል ነገር ነው።

ግሬትቸን ኸርማን የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በጋራዥ ሴል ላይ ለብዙ ዓመታት ጥናት አድርገዋል። በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ያነሡት ጥያቄ «በዚህ ሽያጭ እጅ የሚለውጠው ነገር ስጦታ ነው ወይስ ሸቀጥ?» የሚል ነው። ያገኙት መልስ ሁለቱንም የሚያቀላቅል ነው። ሻጭዋ የልጇን አልጋ ለነጋዴ ስትሸጥ እስከ መጨረሻው ትከራከራለች፤ ነፍሰ ጡር ወጣት ስትመጣባት ግን ዋጋውን ራሷ ትቀንሳለች፣ ብርድ ልብሱንም ትጨምርላታለች። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ገበያ «መርቂልኝ» ካልተባለና ምርቃት ካልተጨመረ ግዢው ያለቀ አይመስልም። ምርቃት ኪሳራ ሳይሆን ገዢውን ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያስር ገመድ ነው።

በሃይፋ እንዴት እንሽጥ?

ሃይፋ ላይ አብዛኛው ሰው የሚኖረው በፎቅ ስለሆነ ጋራዥ የለውም። ሆኖም ከዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች የሚያስተውል ቤተ ሰብ ጥሩ ሽያጭ ማድረግ ይችላል።

ቀን። ለእኛ የሚስማማው ዓርብ ጧት፣ ወይም በሳምንቱ መካከል ከሰዓት በኋላ ነው። ከወቅቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመረጣል። አንደኛው ከፋሲካ ጽዳት በፊት ያሉት ሳምንታት ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የነሐሴ (ኦገስት) መጨረሻ ነው፤ ሴፕቴምበር 1 ትምህርት ስለሚጀመር የመማሪያ ጠረጴዛ፣ ቦርሳና መጽሐፍ ይፈለጋል።

ቦታ። የሕንፃው ግቢና መግቢያ የሁሉም ነዋሪዎች የጋራ ንብረት ነው፤ ስለዚህ የቫዓድ ባይቱን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ደረጃውንና የሚክላጡን በር መዝጋት ፈጽሞ አይገባም። ዕቃን ያለ ከተማው አስተዳደር ፈቃድ በእግረኛ መንገድ ላይ መዘርጋት ቅጣት ሊያመጣ ይችላል።

ኅብረት። አንድ ቤት ብቻውን ከሚሸጥ አራት አምስት ጎረቤቶች በአንድ ቀን ቢዘረጉ ገዢው ይበዛል። የወለቃ መንገደኛ ይቆም የነበረው በየደጃፉ ሁሉ ዕቃ ስለሚታይ ነው።

ዝግጅት። ዕቃው ይታጠብ፣ ይወልወል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ገዢው ፊት ተሰክቶ ይታይ፤ «ይሠራል» ከማለት ሲሠራ ማሳየት ይበልጣል። ልብስ መሬት ላይ ከሚከመር ይሰቀል። ግጭት የደረሰበት የሕፃናት የመኪና ወንበርና የተጀመረ መድኃኒት ግን አይሸጥም።

ዋጋ። ከ2005 ጀምሮ በሚሠራው «ያድ ሽታይም» በተባለው የማስታወቂያ ገጽ ላይ ተመሳሳዩ ዕቃ ስንት እንደተባለ አይቶ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው። ለተራ የቤት ዕቃ አዲሱ ከሚሸጥበት ሩብ ወይም ሲሶ ቢጠየቅ ገዢ አይሸሽም። ዋጋው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ዋጋ ዓይናፋር ገዢን ያባርራል። በልባችን ደግሞ ሁለት ዋጋ እንያዝ፤ አንዱ የምንጠራው፣ ሌላው ከዚያ የማንወርድበት። ዋጋ መጣል የሚጀመረው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ነጋዴዎች ማለዳ የሚመጡት ገና ሳናስብበት ምርጡን ለመውሰድ መሆኑ አይዘንጋ። የሚመለስ ዝርዝር ገንዘብ ይዘጋጅ፤ በስልክ በ«ቢት» የሚከፍልም ስለሚኖር ለዚያም እንዘጋጅ።

ሕግ። አንድ ቤተ ሰብ የራሱን አሮጌ ዕቃ አንዴ ቢሸጥ ነጋዴ አይሆንም። ዘወትር እየገዙ መሸጥ ግን ንግድ ነው፤ «ዖሴክ ፓቱር» ወይም «ዖሴክ ሙርሼ» ሆኖ መመዝገብን ይጠይቃል።

ቀሪው። ያልተሸጠውን መልሶ ቤት ማስገባት ሽያጩን ከንቱ ያደርገዋል። ለአዲስ ገቢዎች ይሰጥ፣ ወይም የዚያን ጊዜ «አልቴ ዛኸን» ይጠራ። ያን ጊዜ የምንሰጠው ተርፎን እንጂ ተታለን አይደለም።

የማይሸጠው

በ1991 የመጡት ብዙ ቤተ ሰቦች መጀመሪያ የኖሩት በሆቴልና በካራቫን ነበር፤ በአኮ አጠገብ የነበረው ሐጽሮት ያሳፍ አንዱ ነው። በ1993፣ ያዒር ጻባን የቅበላ ሚኒስትር ሳሉ፣ ለኢትዮጵያ ስደተኞች ልዩ የቤት መግዣ ብድርና ዕርዳታ ከተፈቀደ በኋላ ብዙዎች ቋሚ ቤት ገቡ። ቋሚ ቤት ደግሞ ዕቃ ይጠይቃል፤ ወገኖቻችንም በየከተማው አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በ«ያድ ሽኒያ»፣ በሁለተኛ እጅ ገዙ። ያኔ ቤት የገቡት ወላጆች ዛሬ አርጅተዋል፤ አንዳንዶቹም አልፈዋል። አሁን ቤታቸውን የምናጸዳው ልጆቻቸው ነን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሻጮች የሆንነው እኛ ትውልድ ነን ማለት ይቻላል።

በእነዚያ ቤቶች ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ። አንደኛው እዚህ የተገዛው ነው፤ አልጋው፣ ሶፋው፣ ማቀዝቀዣው። እርሱ ይሸጥ፣ በጥሩ ዋጋም ይሸጥ። ሁለተኛው መቀመጫ በሌለው አውሮፕላን ውስጥ በእቅፍ የመጣው፣ ወይም እዚህ እናቶቻችን ከትዝታ የሠሩት ነው፤ ሰፌዱ፣ መሶቡ፣ ጀበናው፣ የሸክላ ምስሉ፣ የጸሎት መጽሐፉ፣ የነጠላው ጥለት። ይህ በችኮላ ቀን ከአሮጌ ማሰሮ ጋር በአንድ ካርቶን ይገባና ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ምንጣፍ ላይ ይገኛል። ሻጩ ምን እንደሆነ አያውቀውም። የሠሪዋ ስም አብሮት አልመጣም፤ የሠሪዋ ስም የሌለው ምስል ደግሞ ጭቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው። ሽያጩ ከመታሰቡ በፊት፣ እናትና አባት በሕይወት ሳሉ፣ አንድ ሙሉ ቀን አብሮ ተቀምጦ ዕቃውን አንድ በአንድ ማንሣት ያስፈልጋል። «ይህን ማን ሠራው? የት? ለማን?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ በአማርኛም በዕብራይስጥም በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከዕቃው ጋር ይታሰር። ከዚያ በኋላ ቤተ ሰቡ የሚያስቀረውንና የሚሸጠውን ይለይ። ከተለየ በኋላ የሚሸጠው ቢሆን እንኳ ወረቀቱ አብሮት ይሂድ፤ የወለቃ ሴቶች እንዳሳዩን ታሪኩ የሚታወቅ ዕቃ ዋጋው ሌላ ነው።

የኬዎቹ ሥራ አጥተው ሸጡ። የዋዲ ሳሊብ ሰዎች ሳይሸጡ ሄዱ። የእኛም ወላጆች ቤታቸውን ትተው ወጡ። እኛ ዛሬ የሚያሳድደን የለም፤ የምንሸጥበትን ቀን ራሳችን እንመርጣለን። ይህን ዕድል እንጠቀምበት።